አለኝ ያለችው ባል

አስጎብኚዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከተናገረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። የምትሠራው በዕድሜ ጠገቡ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከየትምህርት ቤቱ የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀብላ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ታሳያለች፤ የጥንት ጸሐፊ ቀለሙን ከምን ይበጠብጥ እንደነበር፣ ብል የበላው ገጽ ምን እንደሚመስል ታስረዳለች። ይህ ሁሉ በሹክሹክታ ነው። ከሹክሹክታ ትንሽ ያለፈ እንደሆነ ኃላፊዋ ከቢሯቸው ብቅ ይላሉ።

ኃላፊዋን ሠራተኛው ሁሉ በሌሉበት «እትዬ ሽሽ» ይላቸዋል። ኮሽታ በሰሙ ቁጥር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ሽሽ!» ስለሚሉ ነው። አንዳንዱ ልጅ ትእዛዙን በቁሙ ወስዶ የእውነትም ይሸሻል።

አንድ ቀን የአቅራቢያው ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ታመመና ተማሪዎቹን የስፖርት አስተማሪው ይዟቸው መጣ። ትከሻው በር የሚሞላ ወጣት ነው፤ ቱታ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። ልጆቹ የንባብ ክፍሉ በር ላይ ሲንጋጉ እጁ ልማዱን አልረሳምና ፊሽካውን ነፋው።

የአንድ አዛውንት ተመራማሪ መነጽር ከአፍንጫቸው ወደቀ። ሌላው «እሳት ነው!» ብሎ ብድግ አለ። እትዬ ሽሽ ከቢሯቸው ወጡ፤ ግን «ሽሽ» ማለት እንኳ አቃታቸው። ጣታቸውን ወደ መውጫው ብቻ ቀሰሩ።

አስተማሪው ጉብኝቱ እስኪያልቅ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። አስጎብኚዋ ልጆቹን ልታስረክበው ስትወጣ ተነሥቶ ቆመ።

«ይቅርታ እህቴ፣ አዋረድኩሽ» አለ፤ ያውም በሹክሹክታ፣ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ።

«እዚህ እንኳ መናገር ይቻላል።»

«እኔ እንጃ፤ ፈርቻለሁ።»

ሳቀች። ሳቋን አፍና መያዝ ነበር የለመደችው፤ የዛሬው ግን አመለጣት። እሱም ቆሞ አያት፤ ሳቅ የሚታይ ነገር መሆኑን ያን ቀን ገና ያወቀ ይመስል።

የታሪክ አስተማሪው ዳነ፤ ጉብኝት ግን የስፖርት አስተማሪው ሥራ ሆኖ ቀረ። ስምንተኛ ክፍልን አመጣ፣ ዘጠነኛን አመጣ፣ «ኳስም ታሪክ አለው» ብሎ ርእሰ መምህሩን አሳምኖ የእግር ኳስ ቡድኑን ሳይቀር አመጣ። ከልጆቹ ኋላ ቆሞ ስለ ብል የምታወራውን ያንኑ ወሬ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰማል። አንድ ቀን እንዲያውም «ብልስ ዕድለኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚህ ይውላል» ቢላት የምትገባበት ጠፋት።

እሷም በጉብኝት ቀን ፀጉሯን ለመሥራት ማልዳ መነሣት ጀመረች። እናቷ «ምነው ልጄ፣ መጻሕፍቱ ዐይን አበቀሉ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ማበጠሪያዋን ደበቀች።

ነገሩን ያበላሸችው «ጠበቃ» የሚሏት ተማሪ ናት። ቀጭን፣ ክርክር የማይሰለቻት፣ ነገር ከሥሩ ካልመረመረች እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት። አስጎብኚዋ ገለጻዋን ጨርሳ «ጥያቄ ያለው?» ስትል እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ አግብተዋል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እትዬ ሽሽ እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝተው አያውቁም። ልጆቹ አንዴ እሷን፣ አንዴ ከኋላ የቆመውን አስተማሪያቸውን ያያሉ። እሱ ጣሪያውን ያያል።

«ስለ ብራናው ጠይቂኝ» አለች።

«ብራናውን ጨረስነው። አግብተዋል ወይ?»

አስጎብኚዋን ላብ አጠመቃት። ከዚያ ሁሉ ዐይን የሚያወጣት አጭር መልስ ፈለገችና አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«አዎ፤ ባል አለኝ።»

ቀና ስትል የአስተማሪው ዐይን ከጣሪያው ወርዶ እሷ ላይ ነበር። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፈገግታው መንገድ ላይ ደከመው። ሲሰናበታት «ባልሽን... ያቆይልሽ» ብሎ ልጆቹን አስከትሎ ሄደ።

በሚቀጥለው ጊዜ የመጣው የታሪክ አስተማሪው ነው። ከዚያም እሱው፣ ደግሞም እሱው። አስጎብኚዋ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ታጣና ታቀረቅራለች። ይባስ ብሎ የታሪክ አስተማሪው አንድ ቀን በእትዬ ሽሽ ፊት «ለጋብቻሽ እንኳን ደስ አለሽ፤ ልጆቹ ነገሩኝ» አላት።

እትዬ ሽሽ ቢሯቸው አስገብተዋት በሩን ዘጉ።

«እኔ እናትሽ ማለት ነኝ። ሠርግሽን በሰው አፍ ልስማ?»

«አላገባሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ባሉ ከየት መጣ?»

«ከአፌ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ ሽሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አሰቡ፣ እንደገና ጠረጉ።

«ያ ፊሽካ የነፋብን ነው?»

«እሱ ነው።»

«እኔም በወጣትነቴ አንድ ሰው ነበረኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እሱ እስኪናገር እኔ፣ እኔ እስክናገር እሱ፣ ዝም ስንባባል ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ ዝምታን የምወደው እዚህ ቤት ብቻ ነው። ተነሺ፣ ሂጂ!»

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ልጆቹ ዙር ይሮጣሉ። የስፖርት አስተማሪው ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አስጎብኚዋ አጥሩ ሥር ሆና ጠራችው፤ አልሰማም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው፤ አልሰማም። የስንት ዘመን ሹክሹክታ ጉሮሮዋ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ አላሳልፍ አላት። በመጨረሻ ዐይኗን ጨፍና ጮኸች።

«ባል የለኝም!»

ጥበቃው ከወንበሩ ብድግ አለ። ፎቁ ላይ መስኮቶች ተከፈቱ። በመንገዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ «አይዞሽ ልጄ፣ ይመጣል» አሏት።

አስተማሪው ዞረ። ሩጫ የሚያስተምር ሰው ሩጫው ጠፍቶበት እየተራመደ፣ እየተደናቀፈ መጣ።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሃል።»

«እንደገና ልስማው።»

«ባል የለኝም። ልጆቹ ፊት ደንግጬ ነው የዋሸሁት።»

ፊቱ ቀስ በቀስ ፈታ አለ።

«እኔ እኮ ያንን የሌለ ሰውዬ ስጠላው ነው የከረምኩት። ቁመናውን ሁሉ ገምቼለት ነበር።»

«ረጅም ነው?»

«አጭር። በጣም አጭር አድርጌዋለሁ።»

ሜዳው ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ምን እንዳወሩ ቢጠየቁ ሁለቱም አያስታውሱትም። እጁ እጇ አጠገብ ዐረፈ፤ ሁለቱም ወደዚያ አላዩም፣ ሁለቱም ሌላ ነገር አላሰቡም። ልጆቹ ደግሞ «ቁሙ» ያላቸው የለምና ይዞራሉ፣ ይዞራሉ።

በመጨረሻ ጠበቃ ከመስመሩ ወጥታ እያለከለከች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«ቲቸር፣ በፈጠራችሁ! ወይ ተጋቡ፣ ወይ አስቁሙን!»

አስተማሪው ወደ አስጎብኚዋ ዞረ።

«ምን ልበላት?»

አስጎብኚዋ ምላሳቸው ወጥቶ የሚሮጡትን ልጆች አየች፤ እሱንም አየች።

«ይቁሙ» አለች። «ይረፉ እንጂ። ለሠርጉ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል።»