ይህ ላፕቶፕ ይችለዋል?

«ይህ ላፕቶፕ ቪዲዮ ለማቀናበር ይችላል?»

ቢርጊት ጠየቀች። ቅዳሜ ቅዳሜ በዴንማርኳ ስቬንቦርግ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የተበላሸ ዕቃ በነፃ የሚጠግነው ትሮልስ ላፕቶፑን ከፍቶ አየው። ቀና እንኳ አላለም።

«አይችልም።»

«በቃ? አይችልም ብቻ?»

«ራሙ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ትንሽ ነው። ፕሮግራሙን ሲከፍቱት ቀጥ ይላል።»

ላፕቶፑን ከእጁ ነጠቀችው።

«የሌለኝን እንዲቆጥሩልኝ አልመጣሁም! አባቴ የመጨረሻ ጀልባውን ሲሠራ ሁለት ዓመት ቀርጬዋለሁ። ዓይኑ እየጠፋ ነው... ከወር በኋላ ሰባ ዓመቱን ሲያከብር ካላየው፣ መቼም አያየውም!»

ልትወጣ ስትል ትሮልስ በሩ ላይ ደረሰባት።

«ይቅርታ... የጠየቁኝን ብቻ ነው የመለስኩት። ላፕቶፑ አይችልም። እኛ ግን እንችላለን።»

ከትልልቆቹ ቪዲዮዎች ቀለል ያሉ ትንንሽ ቅጂዎች አወጣላት።

«በእነዚህ ይሥሩ። ሲጨርሱ ፕሮግራሙ በቅጂዎቹ ቦታ ዋናዎቹን ይተካል። ዋናዎቹን እንዳይነኩ!»

በአራተኛው ቅዳሜ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆኖ ነበር።

«ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነሽ» አላት። «አንድም ቦታ አትታዪም።»

«እኔን ደግሞ ማን ሊያየኝ?»

ትሮልስ ዝም አለ። ቢርጊት ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደችው፤ ልቧ ቀዘቀዘ።

በልደቱ ቀን ጠዋት፣ ጎረቤቶች እንደ አገሩ ልማድ ለልደቱ ባንዲራ ሲሰቅሉ፣ ላፕቶፑ «ቦታ ሞልቷል» አለ። ትልልቆቹንም ትንንሾቹንም ከፍታ አየች፤ ምንም አይለዩም። ቦታ ለማስለቀቅ ትልልቆቹን አጠፋች። ፊልሙን ልታወጣ ስትል ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነ፤ «ፋይሉ አልተገኘም»!

ላፕቶፑን ታቅፋ ትሮልስ ቤት ድረስ ሮጠች።

«አጠፋኋቸው... በገዛ እጄ!»

ትሮልስ ከመሳቢያው ሃርድ ዲስክ አወጣ።

«ሳላስፈቅድሽ ነው... በመጀመሪያው ቀን ዋናዎቹን እዚህ ገለበጥኳቸው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።»

«አይተሃቸዋል?»

«አባትሽን አንዴ። ሳቅሽን ለመስማት ግን... ብዙ ጊዜ። ያን ቀን ‹ማን ሊያየኝ› ስትዪኝ፣ ዝም ያልኩት ‹እኔ› ማለት ፈርቼ ነው።»

መቆጣት ነበረባት። አልቻለችም።

ሃርድ ዲስኩን ሲሰኩበት ላፕቶፑ እያጓራ ሥራውን ጀመረ። ሃያ በመቶ... ስልሳ... ዘጠና ላይ ቆመ። ቢርጊት በልቧ «አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች። ሳትጨርሰው ፊልሙ ወጣ።

በልደቱ ድግስ ላይ አባቷ አክሰል ፊቱን ከስክሪኑ አንድ ስንዝር አስጠግቶ እስከ መጨረሻው አየ። የጀልባዋን ጎን ሊነካ ብሎ መስታወቱን ዳሰሰ።

«አንቺስ የት አለሽ ልጄ? ድምፅሽ ብቻ ነው ያለው።»

አብሯት የመጣው ትሮልስ አባቷን የምትቀርጽበትን ካሜራ ከእጇ ወሰደ።

«ሂጂ አጠገቡ ተቀመጪ። ከዛሬ ጀምሮ የምቀርጸው እኔ ነኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ?» አለ ሽማግሌው። «ይሄ ደግሞ ማነው?»

ቢርጊት የአባቷን እጅ ይዛ ፈገግ አለች።

«ካሜራውን ተወውና ጠጋ በል፣ ትሮልስ። ዓይኑ ሳይከዳው ይይህ።»