የትኛው ጣት?

ዊልኪን የወረወረው የጀሪካን ክዳን ቀጥ ብሎ መጣ። ዮካስታ የመጥረጊያውን እንጨት ወዘወዘችና አገኘችው፤ ክዳኑም ተስፈንጥሮ የጎረቤቱን አጥር አልፎ ሄደ።

ከዚያ የተነሳው ጫጫታ ዶሮ የሚያስበረግግ ነበር። «ተበላ! ዊልኪን በእህቱ ተበላ!» እያሉ ልጆቹ መንገዱን ሞሉት። ሞተሩ ላይ ተጋድሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ራዳሜስ እንኳን ቆቡን አውልቆ አጨበጨበ። «በል እንግዲህ ሻንጣህን ለእሷ አስረክብ፤ አሜሪካ እሷ ትሂድልን» አለው።

ዊልኪን ሳቀ። መሳቅ እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው እንጂ፣ ሳቁስ አልመጣለትም ነበር።

በከተማቸው በሳን ፔድሮ ይህን ጨዋታ ያልተጫወተ ልጅ የለም። ኳስ የሌለው የውሃ ጀሪካን ክዳን ይወረውራል፣ ዱላ የሌለው መጥረጊያ ይነቅላል፤ ቤዝቦል የሚጀመረው እንዲህ ነው። የዊልኪን ክዳን ግን ከሌላው ይለያል። ዱላው ጋ ሊደርስ ሲል እጥፍ ይልና ወደ ታች ይሰምጣል። ያ ግራ ክንዱ ነው በአስራ ስድስት ዓመቱ ለአሜሪካ ክለብ ያስፈረመው፤ የቤታቸውን ቆርቆሮ አስነስቶ በሲሚንቶ ያስለወጠውም እሱው ነው።

አስራ አራት ዓመት የሆናት ዮካስታ እንጨት መያዝ ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ ወንድሟን ለመምታት ስትታገል ኖራለች። አንድም ቀን ተሳክቶላት አያውቅም። ስለዚህ ሌላው ሲጮህ እሷ አልጮኸችም። እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትክ ብላ አየችው።

«አልታጠፈም» አለች።

«ምኑ?»

«ክዳኑ። ዝም ብሎ መጣ።»

«አዝኜልሽ ነው ባክሽ። ልሄድ ስለሆነ ትንሽ ደስ ይበልሽ ብዬ።»

«ሂድ ወደዚያ! አንተ ደግሞ መቼ ነው ለእኔ አዝነህ የምታውቀው?»

የዊልኪን ስም አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ከሚሄዱት ወርዋሪዎች መካከል የተጠራው ባለፈው ሳምንት ነው። የቀረው የነገው የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። ስሙ ሲጠራ ጓደኞቹ ተሸክመውት የማሠልጠኛውን ግቢ ዞሩ፤ እናቱ ስልኩን ይዛ አለቀሰች። እሱ ግን ሌሊቱን የመኝታ ክፍሉ ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ሲያይ አደረ። ይመጣል ብሎ ሲጠብቀው የኖረው ደስታ አልመጣም። ፍርሃትም ቢሆን አልመጣም። መጀመሪያ የደነዘዙት የግራ እጁ ትንሿ ጣትና አጎራባቿ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፣ ኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ። አሁን አሁን እሱም እንዳለ ጣቶቹን ተከትሎ የደነዘዘ ይመስለዋል።

ዮካስታ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ጠራችው።

«እጅህን አምጣ።»

«ለምን?»

«አምጣ አልኩህ። ዓይንህን ጨፍን።»

ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ክለቡ ልጆችን በሚያሠለጥንበት አካዳሚ ውስጥ ዶክተር ማሪቤል ወርዋሪዎቹን እንዲህ ነው የሚፈትሿቸው። ዓይናቸውን ያስጨፍኑና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ጫፍ ይነካሉ፤ የትኛው እንደተነካ መናገር የወርዋሪው ፋንታ ነው። ዊልኪን እስካሁን አንዴም አልሳተም። ሚስጥሩ ዓይንን ሙሉ በሙሉ አለመጨፈን ነው። በሽፋሽፍቱ መካከል ትንሽ ብርሃን ከተወ የእስክሪብቶው ጥላ በቂው ነው።

ዮካስታ ከጸጉሯ መርፌ ቁልፍ መዘዘች።

«አውራ ጣት» አለ ዊልኪን። «ሌባ ጣት። የመሃሉ። ኧረ ቶሎ በይ፣ ራበኝ። ትንሿ።»

ዮካስታ እጇን አላንቀሳቀሰችም።

«ምነው? ተሳሳትኩ?»

«አልነካሁህም።»

ዓይኑን ገለጠ። መርፌ ቁልፉ ከትንሿ ጣቱ በላይ፣ አየር ላይ ነበር።

«ነቄ ነኝ እኮ» አለች። ድምፅዋ ግን የአሸናፊ ድምፅ አልነበረም። «ዶክተሯንም እንዲህ ነው የምትሸውዳት?»

«ለእማዬ እንዳትነግሪ።»

«ለክለቡ ሰዎች ብትነግራቸው ምን ያደርጉሃል?»

«ወይ ነርቩ የተያዘው እዚህ ነው ብለው ክርኔን ቀደው ዓመት ሙሉ ያስቀምጡኛል፣ ወይ ደህና ሁን ይሉኛል። ምናቸው ነኝ? ከኋላዬ ስንት ወርዋሪ ተሰልፏል።»

«ካልነገርካቸውስ?»

«እወረውራለሁ።»

«እስከ መቼ?»

ዊልኪን ትከሻውን ነቀነቀ። ጥያቄው ስለ ሌላ ሰው የተጠየቀ ያህል ነበር የራቀው። ዮካስታ መርፌ ቁልፉን ጸጉሯ ላይ መልሳ ሰካች፤ ሁለቴ ሳተችው። «እዚህ እኔ አየሁብህ» አለች። «እዚያ ማን ያይልሃል?» መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ቤት ገባች፤ ምሳ ላይ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከመንቃቱ በፊት ፕላንቴን የሚሉትን የወጥ ሙዝ ቀቅላ አድቅቃለት፣ ሳላሚ የተባለውን ቋሊማ ጠብሳለት ነበር፤ ግማሹን ሳይበላ ተነሳ።

«ባርኪኝ እማዬ።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ የኔ ጌታ። ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?»

«እንቅልፍ አልጠገብኩም።»

«አይዞህ። ለመንደሩ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ ሁሉም እየጸለየልህ ነው።» ግራ እጁን በሁለት እጇ አነሳችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ከንፈሯ የተሰማው ሦስቱ ላይ ብቻ ነው።

ዊልኪን እጁን ቀስ ብሎ ወሰደና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ራዳሜስ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀው ነበር። መንደሩ ውስጥ ሰው የሚያመላልሰው ራዳሜስ እሱም በጊዜው ወርዋሪ ነበር፤ ትከሻው እስኪበላሽ ድረስ እዚያው አካዳሚ ኖሯል። አስፋልቱ ላይ ከወጡ በኋላ ዊልኪን ጆሮው ሥር ተጠግቶ ጠየቀው።

«አንተ ያኔ ነግረሃቸው ነበር?»

«ምኑን?»

«ትከሻህ እንደሚያምህ።»

ሸንኮራ የጫነ መኪና እያጓራ አለፋቸው። ራዳሜስ አቧራው እስኪሰክን ጠበቀ። «ነገርኳቸው እንጂ። በሳምንቱ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እናቴ ደጃፍ ላይ ነበርኩ።»

«ይቆጭሃል?»

«አንዳንድ ቀን፣ አዎ። ትናንት እህትህ ስትመታህ ግን ትዝም አላለኝ፤ ሳቄን የት አባቴ ላድርገው።» በመስታወቱ አየው። «ምነው ጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

ራዳሜስ የአካዳሚው በር ላይ አወረደው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ትንሽ ቆየና ቆቡን አስተካክሎ ሄደ።

የምርመራው ክፍል ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ወርዋሪዎቹ ተደርድረዋል። አንዱ ፍሎሪዳ በረዶ ይጥላል ይላል፣ ሌላው ይስቅበታል፣ ሦስተኛው ለእናቱ መልእክት ይልካል። ዊልኪንን «አንተ ዝምተኛ፣ እዚያ ስትደርስ በምን አፍህ እንግሊዝኛ ልታወራ ነው?» አሉት። ፈገግ አለላቸው። ስሙ ሲጠራ ተነስቶ ገባ።

«እንኳን ደስ አለህ» አሉት ዶክተር ማሪቤል። ክርኑን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ ትከሻውን አዞሩ። «ጥሩ ነው። ይቺን እንጨርስና ትሄዳለህ። ዓይንህን ጨፍን።»

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እንደ ልማዱ ትንሽ ብርሃን ተወ፤ የእስክሪብቶው ጥላ ሲመጣ ታየው። ቀላል ነበር። እንደ ሁልጊዜው።

ያቺ አየር ላይ የቆመች መርፌ ቁልፍ ትዝ አለችው። የእናቱ ከንፈርም።

ዓይኑን ጥብቅ አድርጎ ጨፈነ። ብርሃኑ ጠፋ።

«አውራ ጣት» አለ። «ሌባ ጣት።» ትንሽ ቆይቶ፣ «የመሃሉ።»

ከዚያ ምንም ነገር የለም። ማራገቢያው ሲዞር ይሰማል፤ ውጪ የጓደኞቹ ሳቅ ይሰማል። ጨለማው ውስጥ ሲጠብቅ ፈራ። ከስንት ጊዜ በኋላ ክፉኛ ፈራ። እጁን ግን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም።

«ዶክተር» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «አሁን እየነኩኝ ነው?»