መልሰሽ ንገሪኝ

መምህር አሻግሬ የፈተናውን ወረቀት በግልባጩ ዴስኳ ላይ አስቀመጠላትና ምንም ሳይል አለፈ። ዳሲቱ ሳትገለብጠው ገባት። መምህር አሻግሬ ጥሩ ላመጣ ሰው «በርቺ» ማለት ይወዳል።

ጫፉን ብቻ ብድግ አድርጋ አየች። ከሃያው ስድስት ብቻ።

«ስንት?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው የሺሐረግ፣ አንገቷን አስግጋ።

«ተዪኝ እስቲ።»

«እኔ አስራ አንድ። አንቺማ ቀለሜዋ፣ ደፍነሽው ነው የሚሆነው።»

ዳሲቱ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ሞጁሏ ውስጥ ሸጎጠችው።

አስረኛ ክፍል ጨርሳ መምህራን ማሠልጠኛ ከገባች ገና ወሯ ነው። ከትምህርቶቹ ሁሉ የጓጓችው ለ«ሥነ ልቦና መግቢያ» ነበር። ሰው ለምን እንደሚረሳ፣ ለምን እንደሚፈራ፣ እንዴት እንደሚማር የሚያስተምር ትምህርት አለ ሲሏት ማመን አቅቷት ነበር። አልሰነፈችም። እንዲያውም ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛውን ሞጁል የመጀመሪያ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ደብተሯ ላይ ገልብጣዋለች፤ ትርጉሙን በቀይ፣ የሰዎቹን ስም በአረንጓዴ፣ ሌላውን በሰማያዊ እስክሪብቶ። ደብተሩ ከማማሩ የተነሳ የክፍሉ ልጆች እየተቀባበሉ አይተውታል። ከዚያ አምስት ጊዜ አነበበችው። ስታነበው ሁሉም የምታውቀው ነገር ነው። ፈተናው ላይ ግን ቀዩ ቀለም ትዝ አላት እንጂ በቀዩ የተጻፈው ጠፋባት።

መምህር አሻግሬ ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ቆም አለ።

«የአጋማሹ ፈተና፣ ሚዱ፣ ከአርባ ነው፤ ሦስት ሳምንት አላችሁ። ከሁለቱ ተደምሮ ሠላሳ ያልሞላለት ተማሪ ከማሠልጠኛው ይሰናበታል። ኋላ አልነገርከንም እንዳትሉ።»

ዳሲቱ በልቧ ደመረች። ሃያ አራት ያስፈልጋታል።

ሰፈር ስትደርስ እናቷ ዲንቄ ከቦኖው ውኃ ቀድታ እየተመለሰች ነበር። ከፋብሪካ መውጣቷ ነው፤ ሻሿ ላይ የተበተነ ጥጥ አለ። ውኃ መቅዳት የዳሲቱ ሥራ ነበር። ማሠልጠኛ ከገባች ወዲህ ግን ዲንቄ ስምንት ሰዓት ሙሉ ፈትል ማሽን ላይ ቆማ ውላ፣ እንደገና ቦኖ ትሰለፋለች። ዳሲቱ አንዱን ጀሪካን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ተዪው። አንቺ አንብቢ። ፈተናው ወጣ?»

«ወጣ።»

«ስንት?»

ዳሲቱ የእናቷን እጅ አየች። የጀሪካኑ እጀታ መዳፏ ላይ ቀይ መስመር አውጥቶበታል።

«አስራ ስድስት» አለች። «አስራ» የምትለው ቃል ከየት እንደመጣች ራሷም አታውቅም።

ዲንቄ ሁለቱንም ጀሪካን መሬት አስቀመጠች። «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አለች፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለቷ ነው። ደስ ሲላት ኦሮምኛው ነው የሚቀድማት። በማግስቱ ፈትል ክፍሉ በሙሉ የዳሲቱን አስራ ስድስት ሰማ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ስለሆነ፣ የጎረቤት ሬዲዮም ስለማያስቀምጥ፣ ዳሲቱ የምታጠናው ጋሽ ገብረጻድቅ ግቢ ነው። ጋሽ ገብረጻድቅ ሠላሳ ሁለት ዓመት ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግቢያቸውን ከሐዲዱ የሚለየው አጥራቸው ብቻ ነው። ባቡሩ አሁን እንደ ድሮው አይመላለስም። በሚያልፍበት ቀን ግን ከወንበራቸው ተነሥተው እስኪያልፍ ይቆማሉ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል።

«ምንድን ነው የምታንሾካሹኪው?» አሏት።

«እያጠናሁ ነው ጋሽዬ። ስለ ማስታወስ።»

«ገባሽ?»

«አዎ፣ ገባኝ።»

«ምን ገባሽ?»

ዳሲቱ ቀስ ብላ ሞጁሉን ስትገልጥ ጋሽ ገብረጻድቅ የወረቀቱን ድምፅ ሰሙ።

«ዝጊው። ወረቀቱን አይደለም የጠየቅሁት።»

ዘጋችው። ከዚያ ሳታስበው ስድስት ማምጣቷን ነገረቻቸው። ለእናቷ ያልነገረችውን ለእሳቸው መንገር ለምን እንደቀለላት አልገባትም። ምናልባት ውኃ ስለማይቀዱላት ይሆናል።

ጋሽ ገብረጻድቅ አልተቆጡም፤ አይዞሽም አላሏትም።

«እኔ ስሠራ ሐዲዱ አንድ ነው» አሉ። «ሁለት ባቡር አይተላለፍበትም። እዚህ የቆመውን ከመልቀቄ በፊት ዱከም ጣቢያ ላለው ባልደረባዬ ለቀጀላ እደውልለትና የባቡሩን ቁጥርና ሰዓቱን እነግረዋለሁ። ‹ገባኝ› ካለኝ አለቅም። ‹መልሰህ ንገረኝ› እለዋለሁ። ከራሱ አፍ ስሰማው ነው ባንዲራዬን የማነሣው። ገባኝ የሚል ሰውማ ሞልቷል።»

«እርስዎ ራስዎ ቁጥሩን ቢሳሳቱስ?»

«ወዲያው ደውዬ ‹የቅድሙ ተሽሯል› እላለሁ። ከዚያ ነው ትክክለኛውን የምሰጠው። የቅድሙ ሳይሻር አዲስ አይሰጥም፤ አለዚያ ሰውየው ሁለቱንም ይዞ ይቀመጣል።» ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «በይ መልሰሽ ንገሪኝ። በአማርኛ። እንግሊዝኛ አልችልም፤ ፈረንሳይኛ ከሆነ ግን እሞክራለሁ።»

«የአጭር ጊዜ ትውስታ ማለት... ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ትውስታ ነው።»

«ይኼንንማ ስሙ ነገረኝ።»

ዳሲቱ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ግን ሳቋ መጣ። ጋሽ ገብረጻድቅ ሳይቸኩሉ፣ ሳያግዟትም ጠበቁ።

«አንድ ሰው የስልክ ቁጥር ሲነግርዎት» አለች በመጨረሻ፣ «እስኪደውሉ ድረስ በአፍዎ እየደጋገሙ ይይዙት የለ? ከደወሉ በኋላ ይጠፋል። እሱ ነው።»

«አሁን ባቡሩ ይሂድ። ቀጥይ።»

ያን ቀን አንድ ገጽ ብቻ ነው የተገፋው። በማግስቱ ለየሺሐረግ ስትነግራት ክፍሉ ሁሉ እስኪዞር ሳቀችባት።

«ፋራ! ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌ ሳይኮሎጂ? ገልብጪና ሸምድጂው ባክሽ፤ ሚድ እኮ ደረሰ።»

ዳሲቱም ትክክል መሆኗን አላወቀችም። ያማረው ደብተር ቢያንስ ገጾቹ ሲሞሉ ይታያል፤ ይኼኛው ግን ድካም ብቻ ነው። ደግሞ ሰውየው አዲስ ነገር ከመጀመራቸው በፊት «የትናንቱ ምን ነበር?» ይሏታል።

«ትናንት ነግሬዎት የለ እንዴ?»

«ሽማግሌ ነኝ፤ ረስቻለሁ።»

ትነግራቸዋለች። ሐሙስ ሲሆን የሰኞውን ይጠይቃሉ። ሰኞ ሲመጣ ያለፈውን ሳምንት። ዳሲቱ በልቧ «እኚህ ሰውዬስ ጃጅተዋል» ትልና ከሥር ከመሠረቱ ትጀምርላቸዋለች። ያቃታትን ገልጣ ታይና መልሳ ትዘጋለች። ባለቀለሙን ደብተር ከፍታ ካየችው ሰንብታለች።

ደወል ሲሰማ ምግብ ሳያይ ምራቁ ስለሚወርደው ውሻ የነገረቻቸው ቀን ጋሽ ገብረጻድቅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ይኼን ለማወቅ ውሻ ማሰር ምን አስፈለገ? እናትሽን አታዪያትም? የዕረፍቷ ቀን እንኳ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ብድግ ትላለች።»

«እርስዎስ? ባቡሩ ሲመጣ?»

ቀና ብለው ተቀመጡ። «እኔ በአክብሮት ነው» አሉ።

ለሚዱ አንድ ቀን ሲቀር ዳሲቱ ሁሉንም ከመጀመሪያው ስታወርድ መሐል ላይ ሁለቱን የመርሳት ምክንያቶች አቀያየረችባቸው።

«አይደለም» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «የመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ እንዲህ አላልሽኝም። አዲሱ የድሮውን የሚሸፍንበት አንደኛው ነው ብለሽኛል። የቤት ቁጥራችሁ የተቀየረ ጊዜ አሮጌው የጠፋብሽን ምሳሌ ሰጥተሽኝ ነበር።»

ዳሲቱ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሽዬ፣ ረስቻለሁ ሲሉኝ ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር እንዴ?» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ አዙረው። «እሱን እንኳ ረስቼዋለሁ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚያውቁትን ነገር ለእሷ ብለው እንደ አዲስ ሲሰሙ ከርመዋል። ዳሲቱ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አድርጎልኝ አያውቅም ብላ አሰበች። ወዲያው ግን ሁለቱ ጀሪካኖች ትዝ አሏትና አፈረች።

የሚዱ የመጨረሻ ጥያቄ «ከራስህ ሕይወት ምሳሌ ስጥ» የሚል ነበር። ዳሲቱ እናቷንና የፋብሪካውን ጡሩምባ ጻፈች።

ውጤቱ ዓርብ ወጣ። መምህር አሻግሬ ወረቀቱን በፊቱ በኩል አስቀመጠላት። «በርቺ» አለ። «ምሳሌሽን ሌላኛው ክፍል ወስጄ አስተምሬበታለሁ።» ከአርባ ሠላሳ ሦስት።

የሺሐረግ አስራ ዘጠኝ አምጥታ በጠርዙ ላይ አልፋለች። የዳሲቱን ወረቀት ገልብጣ አየችና፣ «ሰውዬሽ ሌላ ሰው ይቀበላሉ?» አለች።

«ደብተርሽን ይዘጉታል።»

«ይነፋል። ይዝጉት።»

ቅዳሜ ጠዋት ዳሲቱ መጀመሪያ ጋሽ ገብረጻድቅ ዘንድ ሄደች። ሠላሳ ሦስት ስትላቸው «መልሰሽ ንገሪኝ» አሉ፤ ደገመችላቸው። ጉልበታቸውን ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽዬ። እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ የለሁም ነበር።»

«እደጊ። እኔም ብዙ ተምሬያለሁ። እናትሽ ሰምታለች?»

«አሁን ልነግራት ነው።»

ቤቷ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም፤ እሷ ግን ቀስ ብላ ሄደች። አልፋለች፤ የሚያባርራት የለም። ስድስቷን ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃትም። አስራ ስድስትና ሠላሳ ሦስት ደግሞ አንድ ላይ ሲጠሩ ያምራሉ።

ዲንቄ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ዕረፍቷ ነው። ዳሲቱ አጠገቧ እንደደረሰች የፋብሪካው ጡሩምባ ጮኸ፤ ዲንቄም ብድግ አለች። ምስሩ ከሰፌዱ ሊፈስ ሲል ነው የነቃችው።

«ቁጭ በይ እማዬ፤ ዛሬ ዕረፍትሽ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ዳሲቱ ወረቀቱን ሰጠቻት። ዲንቄ ቁጥር ታነባለች፤ የማሽኗን ቆጣሪ ስታይ ነው የኖረችው።

«ገለቶሚ» አለች በቀስታ። ደግማም አለችው። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ሰኞ ለሁሉም ነው የምነግራቸው። ያን ጊዜ አስራ ስድስት፣ አሁን ደግሞ ሠላሳ ሦስት።»

ዳሲቱ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከሞጁሉ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። መታጠፊያው ላይ ሳስቷል።

«እማዬ፣ የቅድሙ ተሽሯል።»

«ምን?»

ዘርግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት። «አስራ ስድስት አልነበረም። ስድስት ነው ያመጣሁት። ዋሽቼሻለሁ።»

ዲንቄ ስድስቱን አየችው፤ ሠላሳ ሦስቱን አየችው፤ ተመልሳም ስድስቱን።

«ይኼን ይዘሽ ነው ሦስት ሳምንት የዞርሽው?»

ዳሲቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከብዶሻል» አለች እናቷ። ሁለቱን ወረቀቶች ደራርባ፣ ስድስቱን ከላይ አድርጋ፣ በጥንቃቄ አጠፈቻቸው።

ዳሲቱ ተነሥታ ከበሩ ጥግ ሁለቱን ጀሪካኖች አነሣች። እናቷ ልትከለክላት እጇን አነሣች፤ ፊቷን ስታይ ግን ተወቻት። ቦኖው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። ዳሲቱ ጀሪካኖቹን ወረፋ ላይ አሰለፈችና፣ ሞጁሉን ሳትይዝ፣ የሚቀጥለውን ምዕራፍ በቀስታ ለራሷ መንገር ጀመረች።