ዕቃ በሚያርፍበት ቀን

ኢላንጎ ሞቶ የተገኘው ጠዋት ነው፤ በሰርቨር ክፍሉ ወለል ላይ፣ ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቶ እንደተቀመጠ። አጠገቡ የአሬራ ብርጭቆ ተጋድሟል። ብርጭቆው ከቅመሙና ከቃሪያው ሽታ በታች የተባይ መድኃኒት ይሸታል። በፓምፕ ፋብሪካው የኔትወርክና የኢሜይል ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ስለነበር፣ ኮምፒውተር ባኮረፈ ቁጥር «ኢላንጎን ጥሩት» የማይል ሠራተኛ አልነበረም። ያን ጠዋት ግን ስሙን ያለ ስድብ የሚጠራ ጠፋ።

ምክንያቱም ባለፈው ቀን አመሻሽ ላይ ከእሱ የኢሜይል ሳጥን ለሠራተኛው ሁሉ ኢሜይል ደርሷል። «የሴቶቹን ደብዳቤ እየሰረቅሁ ሳስፈራራቸው የኖርኩት እኔ ነኝ። ኀፍረቱን አልቻልኩትም። ይቅር በሉኝ» ይላል። ስሙ ያልታወቀ ሰው የፋብሪካውን ሴቶች በገዛ ደብዳቤያቸው ሲያስጨንቅ ከርሞ ነበር፤ አንዷማ ሥራዋን ጥላ ሄዳለች። አሁን ሌባው ተገኘ፣ ራሱንም ገደለ ተባለ። ሰዉ እፎይ አለ።

እፎይ ያላለችው እህቱ ካያል ብቻ ነች። ከኮምፒውተር ወንጀል ክፍል የመጣችውን ኢንስፔክተር ታማራይን በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት። ታማራይ አጭርና ደልዳላ ሴት ናት፤ ከኪሷ የተቆላ ሽምብራ አይጠፋም።

«ትናንት የዕቃ በዓል ነበር» አለች ካያል። «ወንድሜ በዕቃ በዓል ኮምፒውተር ሊነካ? እጁን ቢቆርጡት አይነካም።»

በደቡብ ሕንድ፣ በእኛ በኮይምባቶር ከተማ ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም። በዕቃ በዓል ማሽኑም፣ መኪናውም፣ ኮምፒውተሩም ይጠፋል፤ በሰንደል ቅባት ምልክት ይደረግበታል፣ አበባ ይደፋለታል፣ እስኪነጋም ያርፋል። አመቱን ሙሉ ያገለገለ ዕቃ አንድ ቀን ቢያርፍ ይገባዋል።

«ምን ላድርግልሽ?» አለች ታማራይ።

«ስሙን መልሺልኝ። ገዳዩን ደግሞ ለእኔ ስጪኝ።»

«የመጀመሪያውን እሞክራለሁ።»

«ሁለተኛውንስ?»

ታማራይ ሽምብራዋን ቆረጠመችና ወደ ውስጥ ገባች።

የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ፣ ከሟቹ ሌላ፣ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር። መጀመሪያ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ ቤያትሪስ ተጠየቀች። ዐይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ለእህቴ ብቻ የጻፍኩትን ነገር ያ ሰውዬ መልሶ ላከልኝ፤ ለኢላንጎ ነገርኩት» አለች። «ትናንት በበዓሉ ላይ ‹እትዬ፣ ቀዳዳውን አግኝቼዋለሁ። ዛሬ ዕቃው ያርፋል፤ ነገ ደፍኜ የማን ሥራ እንደሆነ እናገራለሁ› አለኝ። እኔም ሞኟ ‹ነገ ይሁን› አልኩት።»

«ሲነግርዎት ማን ሰማ?»

«የፋብሪካው ባለቤትም፣ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሎጋናታንም አጠገባችን ነበሩ።»

«እርስዎ ዕቃ ይቀባሉ?»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አበባ አስቀምጬ ፎቶ አነሳለሁ እንጂ።»

ታማራይ ፎቶዎቹን አየች። አንዱን ደግማ አየችውና ወደ ራሷ ስልክ አስላከችው።

ባለቤቱ ራጃማኒካም ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጣቸው ከሐዘናቸው ይቀድማል። «እንደ ልጄ ነበር የማየው፤ አዋረደኝ» አሉ።

«የይለፍ ቃሉን ከእሱ ሌላ ያየው ሰው አለ?»

«ማንም! ባለፈው ዓመት ስለቱን ሊያደርስ ቲሩፓቲ ቤተ መቅደስ ሲሄድ፣ ድንገት ቢያስፈልግ ብሎ በታሸገ ፖስታ ካዝናዬ ውስጥ ተወው። ሲመለስ እንደታሸገ ሰጠሁት።»

«የካዝናው ቁልፍ የት ይውላል?»

«ጠረጴዛዬ ላይ። እዚህ ቤት ሌባ የለማ።»

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሎጋናታን የመጨረሻው ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ። «ሟች አይወቀስም፣ ኢንስፔክተር። ግን የሁሉን ሳጥን መክፈት የሚችል ሰው አንድ ቀን መክፈቱ ይቀራል?»

«እርስዎ ትናንት መቼ ወጡ?»

«ከሁሉ ጋር። ልጄን ልድር ነው፤ ቤቴ እንግዳ ሞልቶታል።»

ታማራይ ከዚያ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ባለው የኢላንጎ ጠረጴዛ ፊት ብቻዋን ተቀመጠች። የሟቹን ኮምፒውተር አበባውን ሳታነሳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሰርቨሩን ከፍታ የተደበቀውን ፈለገች፤ አገኘችው። ስትወጣ አዲስ ኮምፒውተርና አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሰንደል ቅባት እንዲመጣላት አዘዘች።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ካያል ግድግዳው ሥር ቆማለች።

«የሟቹ ኮምፒውተር ለማስረጃ ይወሰዳል» አለች ታማራይ። «በምትኩ ይህ ይሠራል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችሁ ባርኩት።»

ራጃማኒካም በአውራ ጣታቸው አንድ ክብ ነጥብ አሳረፉ። ቤያትሪስ አበባ አስቀመጠች። ሎጋናታን ሦስት ጣቶቹን ነከረና የቁልፍ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ሳባቸው፤ ሦስት አግድም መስመር። ይህን ያደረገው ሳያስበው ነው።

«አመሰግናለሁ» አለች ታማራይ። «ይህ ፎቶ ትናንት በበዓሉ ሰዓት የተነሳ ነው። ኢላንጎ የቲሩፓቲው ጌታ ተሳላሚ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የቀባው የዚያን ጌታ ተሳላሚዎች ምልክት፣ ቀጥ ብሎ የቆመውን ነው። ዛሬ ጠዋት እኔ ያገኘሁት ግን ሦስት አግድም መስመር ነው። አንድ ሰው አሬራውን አጠጣው፤ ከዚያ በእሱ ስም ሊጽፍ ተቀመጠ። ሲጽፍ ሰሌዳው ላይ ያለው ቅባት በጣቱ ተበላሸ። ጠርጎት እንዳይሄድ፣ ዕቃው እንደተነካ ይታወቃል። ስለዚህ መልሶ ቀባው፤ እጁም ከልጅነቱ የለመደውን፣ የሌላውን አምላክ ተሳላሚዎች ምልክት ቀባ።»

ሎጋናታን ፈገግ አለ። «የከተማው ግማሽ እንዲህ ነው የሚቀባው።»

«የከተማው ግማሽ የዚያ ክፍል ቁልፍ የለውም።»

ፈገግታው አልጠፋም፤ ግን እንደ ቀድሞው አልተመቸውም።

«ሁለተኛ» አለች ታማራይ። «በሴቶቹ ሳጥን ውስጥ ሁሉ የሚጽፉት ግልባጭ ወደ ውጭ እንዲሄድ የሚያዝ ድብቅ ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ የገባው በኢላንጎ የይለፍ ቃል ነው። የገባበት ቀን ግን ኢላንጎ ቲሩፓቲ ላይ ለስለቱ ፀጉሩን እየተላጨ ነበር። ፖስታው ተከፍቶ መልሶ ታሽጓል። ኢላንጎም ማሸጊያውን አምኖ ቃሉን አልቀየረም። ስህተቱ ይህች ብቻ ናት። እትዬ ቤያትሪስ፣ አሁን ለእህትዎ ይጻፉ። የፈለጉትን።»

ቤያትሪስ ሁለት ቃል ጽፋ ላከች። ወዲያው ሎጋናታን ኪስ ውስጥ ስልክ ነዘረ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል። ወንጀሉን በሙት ላይ ከጫነ በኋላ እንኳ ግልባጩን ለማቋረጥ አልጨከነም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሎጋናታንን ይዞ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ታማራይ የራሱን አውራ ጣት ይዛ ከፈተችው። ቤያትሪስ የጻፈቻቸው ሁለት ቃላት እዚያ ነበሩ።

ራጃማኒካም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ያን ልጅ ሰደብኩት» አሉ።

ሎጋናታን ግን ሽማግሌውን አላያቸውም፤ ስልኩን ነው የሚያየው። «ኢንስፔክተር፣ እሰሩኝ። ስቀሉኝ። ለእነዚያ ሴቶች የጻፍኩትን ብቻ ሰው አያንብበው። ልጄ… ሠርጓ ነው።»

«የማስረጃ ፌስታል መኪናው ውስጥ ረስቻለሁ» አለች ታማራይ። ስልኩን እንደተከፈተ ካያል ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ሎጋናታንን ፖሊሱ እንደያዘው ትታ ቀስ ብላ ወጣች።

ይህን ስትሰሙ ኢንስፔክተሯን የምትኮንኑ አላችሁ። እኔ አልኮንናትም፤ ያን ጠዋት ከሠራተኞቹ ጋር ሬሳውን አይቻለሁ።

ካያል ስልኩን አነሳች። የሴቶቹን ደብዳቤ አልነካችም፤ እሱ የላከውን፣ እያንዳንዱን ማስፈራሪያ ከላኪው ከእሱ ስም ጋር ለቀመች።

«እህቴ፣ በእናትሽ» አለ ሎጋናታን። «ወንድምሽ ቢሆን ይህን አያደርግም።»

«አያደርግም» አለች። «የሁላችሁን ሳጥን ሲጠግን ኖሮ የአንዳችሁን ደብዳቤ አላነበበም። እኔ ወንድሜ አይደለሁም።»

በስልኩ ውስጥ ስሙ ለተመዘገበ ሰው ሁሉ ላከችው፤ ለዘመዱ፣ ለአማቹ፣ ለቤተ መቅደሱ ካህን፣ ለሠርግ ደጋሹ።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። የወጣው የልጁ፣ የሙሽራዋ ስም ነው። ካያል ስልኩን ወደ እሱ ዘረጋችለት።

«አንሣው» አለችው።