ቅቤ የጠጣ ጠፍር

ውሻው ዛሬም ተከተላት።

ረድኤት ቆመች። ቦቢም ቆመ። ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ቦቢም ሁለት እርምጃ ሄደና አፍንጫውን ወደ ቀኝ እግሯ አሾለ።

«ሂድ አልኩህ! አጥንት አይደለሁም!» ብትለው ጭራውን ቆላላት። ቦቢ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰነፍ ውሻ ነው። ሌባ ቢመጣ አንድ ዓይኑን እንኳ አይገልጥም። ለቅቤ ሲሆን ግን እስከ ትምህርት ቤት በር ድረስ በታማኝነት ይሸኛል።

«ክትፎ መጣች!» አለ በሩ አጠገብ ከቆሙት የስምንተኛ ክፍል ልጆች አንዱ። «ከነጋርዷ!»

ረድኤት አብራቸው ሳቀች። መሳቁን ለምዳዋለች። ከካልሲዋ ሥር የሚያቃጥላትን ነገር ግን ማንም አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረድኤት ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ ደካሞች ስለሆኑ፣ ከጉልበቷ በታች ሁለቱንም የሚይዙ የፕላስቲክ መደገፊያዎች ታደርጋለች። ከመደገፊያዎቹ ጋር የመጡት ተለጣፊ ማሰሪያዎች የቡታጅራ ጭቃ ሲገባባቸው መያዝ አቆሙ። ይህን የሰሙት አያቷ አባባ ባልቻ ከአረቅጥ በሰው እጅ አራት የቆዳ ጠፍር ላኩላት። ተራ ቆዳ እንዳይመስላችሁ! የፈረሳቸውን ኮርቻ ከሆዱ ሥር አጥብቆ ስንት ዓመት የኖረ ጠፍር ነው። እሱን በልኳ ቆርጠው፣ ዘለበት አበጅተውለት፣ ዝናብ እንዳያስገባ ደግሞ ቅቤ አጠጥተው አጠጥተው ነበር የላኩት። የአረቅጥ ሽማግሌ መቼም ቅቤ ላይ አይሰስትም።

«እንዴት ነው? ተስማማሽ?» አሏት ያን ጊዜ በስልክ።

«አባባ፣ እንደ ፈረስ እየጋለብኩልዎት ነው!»

ሽማግሌው ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር ያንኑ ይጠይቃሉ፤ እሷም ያንኑ ትመልሳለች፤ እሳቸውም ያንኑ ሳቅ ይስቃሉ።

ሰኔ ሲገባ ግን ቅቤውም አላዋጣም። ጠፍሩ ጠዋት ዝናብ ሲጠጣ ይላላል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው እንጨት ሆኖ ይነክሳል። የቀኝ ባቷ ተላጠ። በጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ካልሲውን ዝቅ አድርጋ ስታበቃ ቀና አለች። «ቆዳሽ ቀኑን ሙሉ ረጥቦ ነው የሚውለው። ውሃ የማይዝ ማሰሪያ ፈልጊ። ይኼ ከባሰ መደገፊያውን አውልቀሽ ወር ያህል ቤት መቀመጥሽ ነው።»

«ጠፍሩን ጣይው ታዲያ!» አለች ጓደኛዋ ሳፊያ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። «አቦ፣ ሙድ የሚይዙብሽ አነሰሽና ደግሞ ቁስል?»

«አባባ የላኩት ነው እኮ።»

«ወላሂ፣ ይህን ቁስል ቢያዩ ራሳቸው ነው የሚጥሉት።»

«አታውቂያቸውም። ፈረሳቸውን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። የሱን ጠፍር ነው ቆርጠው የሰጡኝ። ደግሞ ቅዳሜ ይመጣሉ።»

ሳፊያ እጇን ያዘችና ወደ ጋሽ ሰይፉ ሱቅ ወሰደቻት።

ጋሽ ሰይፉ የባጃጅ ወንበርና የዝናብ መጋረጃ ሰፊ ነው። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «የሙሽራ መኪና አልብሻለሁ፣ የባጃጅ ወንበር ሰፍቻለሁ። እግር ግን ሰፍቼ አላውቅም» አለ። «ብቻ ውሃን አውቀዋለሁ። የኔ ሥራ ከሱ ጋር መጣላት ነው።»

ከጓዳው አራት ዓይነት ቁራጭ አመጣ፦ የጥጥ ቀበቶ፣ ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ፣ የሻንጣ ማንገቻ ናይለን፣ ከተገጨ ሚኒባስ የወጣ የመቀመጫ ቀበቶ። ሁሉንም ባልዲ ውስጥ ነከራቸው። ቆይቶ አወጣና ጨምቆ ጣሪያው ሥር ሽቦ ላይ ሰቀላቸው። ሻይ አዘዘላቸው።

«እናትሽ የሕፃን ልብስ መድረቁን በምን ታውቃለች?» ሲል ጠየቃት ብርጭቆው ሲያልቅ።

«ጉንጯ ላይ አድርጋ።»

«በይ። እጅ ይሸወዳል፤ ጉንጭ ግን አይሸወድም።»

ጥጡ ጉንጯ ላይ እንደ ዓሣ ቀዘቀዛት። ቆዳ መሳዩ ከላይ ደርቆ ከሥሩ ላብ እንደያዘ ነበር። የሻንጣው ማንገቻ ደርቋል፤ ነገር ግን ጠርዙ ሻካራ ስለሆነ ጉንጯን ጫራት። የመኪናው ቀበቶ ላይ ስትደርስ ረድኤት ዓይኗን ጨፈነች። ለስላሳ ነው። ውሃ የነካው አይመስልም።

«እሱ ነው» አለች።

«አንድ ዓመል ግን አለው፤ ያዳልጣል» አለ ጋሽ ሰይፉ። «በዘለበቱ ሁለቴ ካላዞርሽው እየተንሸራተተ ይፈታል።» በልኳ ቆረጠው። ጫፉ እንዳይተረተር በሻማ አቀለጠው። ክሩንም የማይበሰብስ ናይለን አደረገላት። ሳፊያ በበኩሏ ቀለሙን እያየች፣ «ጥቁር ነው፤ ፏ ትያለሽ» ስትል አጸደቀች።

ሐሙስና ዓርብ ረድኤት በአዲሱ ቀበቶ ሄደች። ቦቢ አሽትቶ ሲያበቃ ግራ ተጋብቶ ቀረ። ቁስሏም ጠርዝ ጠርዙ መድረቅ ጀመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን እናቷ ፀዳለ ጠፍሮቹን በጨርቅ ወልውላ አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው። «ለአንድ ቀን ምን አለበት? የሽማግሌ ልብ እኮ ነው፣ ረዱዬ።»

ረድኤትም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ቀበቶዎቹን ፈትታ ፍራሹ ሥር ከተተቻቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ግራ እግሯን በጠፍሩ አሰረች። የቀኙን ሳብ ስታደርግ የደረቀው ቁስል ተሰማት። ጥርሷን ነክሳ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አለፈች።

ውጪ ባጃጅ ቆመ። «ፈረሴ የት አለች?» የሚል የአባባ ባልቻ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

ረድኤት ከንፈሯ ለሳቅ ሲዘጋጅ ተሰማት። አወቀችው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የምትስቀው ያው ሳቅ ነው። ለአባባም ቀኑን ሙሉ እሱን ልትስቅላቸው ነው።

ጠፍሩን ፈታችው።

ሳሎን ስትገባ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ተሰብስቧል፤ የቀኝ ካልሲዋም ዝቅ ብሏል። መደገፊያዎቹ ላይ የታሰረው ጥቁሩ ቀበቶ ነው፤ ጠፍሮቹ በእጇ ናቸው። አባባ ባልቻ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ቀና አሉ። ፀዳለ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አልጋለብኩም።»

ሽማግሌው ቅቤውን መሬት አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው በአንድ ጣት የቁስሉን ዙሪያ፣ ሳይነኩት፣ ዞሩት።

«ፈረሱንም እንዲህ ነበር ያደረገው» አሉ በመጨረሻ።

«ምን አሉ?»

«ሆዱን። ክረምት ክረምት እየላጠው ተቸገርኩና ፈታሁት። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ በናይለን ነው የምጭነው።»

ረድኤት አፏን ከፍታ ቀረች። «ፈረሱ ናይለን፣ እኔ የሱን ጠፍር?»

«ታዲያ ለልጅ ልጄ የናይለን ቁራጭ ልላክ? ሰው ምን ይለኛል?» ጋቢያቸውን ያለ ምክንያት አስተካከሉ። «ለእንስሳ የሚበቃ ለአንቺ ይበቃል? ቆዳ ክብር ነው። ቅቤ ካጠጣሁት ደግሞ አንጀቱ ይራራል ብዬ…»

ረድኤት አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ እንግዲህ ፈረሱ ከኔ ተሽሎ ነበራ የኖረው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ፀዳለ ናት። አባባ ባልቻም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። «አፍሽስ ከማን መጣ!» አሉ።

ረድኤት አንዱን ቀበቶ ፈትታ በሩ ላይ ከጣሪያው በሚወርደው ውሃ ነከረችው። አራግፋ፣ ጥቂት ቆይታ፣ የሽማግሌው ጢም በሌለበት ጉንጭ ላይ አደረገችው። አባባ ባልቻ ቀበቶውን ተቀብለው ገለበጡት፤ በሌላኛው ጉንጫቸውም ሞከሩት።

«ውሃውን የት አደረሰው?»

«ጋሽ ሰይፉን ይጠይቁት።»

«ይኼ ሰይፉ የተባለው ሰው ሌላ አለው? እንዲህ የለሰለሰ ከሆነ ለፈረሱም…»

«አለው። እኔ እወስድዎታለሁ።»

«በዚህ ዝናብ?» አለች ፀዳለ። «ቆይ፣ ባጃጅ ልጥራ።»

ሰኔ ከገባ ጀምሮ ዝናብ ሲመጣ ወይ ባጃጅ ይጠራል፣ ወይ ረድኤት በመስኮት ታያለች። ረድኤት ቀበቶውን በዘለበቱ ሁለቴ አዙራ ሳበችው። ጠፍሮቹን ከአልጋዋ በላይ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለች፤ የአባባ ስጦታ ናቸውና አትመልሳቸውም። ከዚያ በሩን ከፈተችና ጭቃውን አየችው።

«አትጥሪ፣ እማ። በእግራችን ነው የምንሄደው።»

ቀድማ ወረደች። አባባ ባልቻ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተከተሏት። ከአጥሩ ሥር ተጠልሎ የነበረው ቦቢ ተነስቶ መጣ። ቀኝ እግሯን አሸተተ፣ ግራውን አሸተተ፣ አስነጠሰው። ቀጥሎ የሽማግሌውን ጋቢ ሲያሸት ጭራው ተነሳ። ኋላ ኋላቸው እያለም እስከ ጋሽ ሰይፉ ሱቅ ድረስ በታማኝነት ሸኛቸው።