አሥራ አንድ ልጥፍ

በቆርቆሮ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ከሰው በፊት ስልክ ያወራል። «ደህና አደሩ! ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ ዛሬ እንቁላልና ጎመን ይብሉ» ይላል። ሰፈርተኛው ሰምቶ እንዳልሰማ ቂጣውን በሻይ አወራርዶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

በስልኩ የሚናገረው «መካሪ» የሚባለው ማሽን ነው። ክንድ ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስተር፣ ሰዉ «ልጥፍ» የሚለው፣ የደምን ስኳር እየለካ ይነግረዋል። ሦስት ሳምንት ስኳሩ አልወርድ ያለውን ሰው መካሪ «ምክር የማይሰማ» ብሎ ከነፃ ኢንሱሊን ተቀባዮች ዝርዝር ይሰርዘዋል፤ ድርሻውም ለሌላ ይሰጣል።

አንድ ቀን የጤና ኬላዋ ነርስ ሲስተር ሐረገወይን ስክሪኑ ላይ ጉድ አየች። የአሥራ አንድ ሕመምተኞች ስኳር አንድ ላይ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል፤ ደግሞም ሁሌ ልክ ነው። ልጥፎቹ ተበላሽተው ይሆናል ብላ ምልክታቸውን ተከትላ ወጣች። ሁሉም ያደረሳት አንድ ቤት ነው፤ ልብስ አጣቢዋ ወይዘሮ ጠጅቱ ዘንድ።

«እማማ ጠጅቱ፣ እርስዎ እኮ ስኳር የለብዎትም።»

«የለብኝም፤ ተመስገን።» ነጠላቸውን ገለጡ። ከትከሻቸው እስከ አንጓቸው አሥራ አንድ ልጥፍ ተደርድሯል። «ጎረቤቶቼ እንዳይሰረዙ ብዬ ነው፣ ልጄ። እንቁላል ከየት አምጥተው ይብሉ?»

«ታዲያ እነሱ የኢንሱሊን መርፌውን በምን ለክተው ይወጋሉ?»

«በግምት ነዋ።»

ጥግ ካለው ቅርጫት፣ ከተከመሩት የጎረቤቶቹ ስልኮች አንዱ «ጎበዝ፣ አቶ በዳሳ! ስኳርዎ ልክ ነው» አለ።

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። «ማክሰኞ ቀበርናቸው። መርፌው በዛባቸው። ሚስታቸውም ስኳር አለባት፤ ግን የኢንሱሊን ተራ አልደረሳትም። በሳቸው ስም እየወሰደች ነው።»

ሐረገወይን ብትናገር ሁሉም ሊሰረዙ ነው። ዝም ብትል ደግሞ በግምት መወጋታቸው ሊቀጥል ነው። ወደ ጤና ኬላዋ ተመልሳ ለመካሪ በሚላከው ወረቀት ላይ «ብልሽት የለም፤ ልኬቱ ትክክል ነው» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ወሩ ሳይሞላ የመካሪ ውሳኔ መጣ። «ስኳርን ለመቆጣጠር ምክር እንደሚበቃ ቆርቆሮ ሰፈር አስመስክሯል። ከእንግዲህ ለድሃ ሰፈሮች ሁሉ የሚታደለው ኢንሱሊን በግማሽ ይቀነሳል።» ከሥሩ በማስረጃነት የተያያዘው እሷ የፈረመችበት ወረቀት ነበር።

ሄዳ ለእማማ ጠጅቱ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ክፉ መሆን ነበረብን፣ ልጄ?» አሏት።