የካማሊ ጀርባ

ሳጅን ቶኪሊ ከጀልባው ሲወርድ የካማሊ አስከሬን ማንጎው ሥር በደረቱ ተኝቶ ጠበቀው። በሴፒክ ወንዝ ዳር ጀርባው እንደ አዞ ቅርፊት ያልተበጣ ወንድ፣ ወንድ አይባልም። ካማሊም ከሁለት እኩዮቹ ጋር ተበጣ፤ ደሙ ቆመ ሲባል እያገረሸበት ሰንብቶ ሞተ። የአባቱ ወገኖች ምላጩን መርዟል ብለው የበጣውን ሽማግሌ ሳባንን በጦር ከበውታል።

ሳጅኑ አስከሬኑ ላይ አጎነበሰ። መግል የለም፤ ቁስሉ ግን አሁን የተቆረጠ ይመስል አፉን ከፍቷል። በዚያው ምላጭ የተበጡት እኩዮቹ ቁስላቸው ጠግጓል።

ከዚያ የእናቱን ወንድም ዋሊንዲን አነጋገረ። የእህቱ ልጅ ሲበጣ የሚያቅፈው አጎት ነው፤ አጎት እንቢ ካለ ምላጭ አይነሳም። ዋሊንዲ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን አላወለቀም። ጉልበቱ አብጧል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው አለ። ሳጅኑ ኮኮነት እንዲሰብር ቢላ ሲያቀብለው «ሚስቴ ትስበረው» ብሎ እጁን ሰበሰበ።

ሳጅኑ ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰበ።

«ምላጩ ተመርዞ ቢሆን ሦስቱም ይሞቱ ነበር» አለ። «የአንዳንድ ሰው ደም አይረጋም፤ ካልረጋ ቁስሉ አይድንም። በዘር ነው የሚመጣው፤ እናት ሳትታመም ተሸክማ ለወንድ ልጇ ታወርሰዋለች። ስለዚህ የእናቱን ወንድም አየሁ። ቢላ ይፈራል፣ ጉልበቱ ውስጥ ደም ይቋጥራል። ዋሊንዲ፣ ሸሚዝህን አውልቅ።»

ጀርባው ላይ አንድ ጭረት የለም። ከከተማ ሲመለስ «ሌላ መንደር ተበጥቻለሁ» ብሎ ሁሉንም ሸውዷል።

«ታላቅ ወንድማችን ተበጥቶ ነው የሞተው» አለ ዋሊንዲ መሬት መሬት እያየ። «እናታችን እኔን ከተማ አሸሸችኝ። እህቴ ማቡን ሕፃን ስለነበረች የገደለው ወባ ነው ተባለች።»

የካማሊ እናት ማቡን ቀና አለች። «የልጄ ጥርስ ሲነቀል ደሙ አልቆም እንዳለ ነግሬህ ነበር። ምንም አይደለም አልከኝ።»

«ብናገር ሴት ልጄን ማን ያገባታል? እኔንስ ያልተበጣ ከማይገባበት የወንዶች ቤት አያባርሩኝም?» አለ ዋሊንዲ።

ጦሮቹ ከሳባን ላይ ወደ ዋሊንዲ ዞሩ። ሽማግሌው ግን አልተደሰተም፤ የገዛ እጁን እያየ ያለቅሳል።

«ደሙ ደረትህ ላይ ሲወርድ፣ ያኔም ዝም አልክ?» አለች ማቡን ወንድሟን።

«ይቆማል ብዬ ዝም አልኩ።»

ማቡን ወደ ሳጅኑ ዞረች።

«ይውሰዱት። እኔ ወንድም የለኝም፤ ወንድሜ ድሮ ተበጥቶ ሞቷል።»